ከጅማ እስከ ሉክሶር፦ የስድስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ጉዞ

ሰኞ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦገስት 2 ቀን 2027) ቀትር ላይ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል፤ የጨረቃ ጥላ የላይኛውን (የደቡቡን) ግብፅ አቋርጦ ያልፋል። ጥላው ከአትላንቲክ ተነስቶ በደቡብ ስፔንና በሰሜን አፍሪካ በኩል ግብፅ ይገባል፤ ከዚያ ሳዑዲን፣ የመንንና የሶማሊያን ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ነክቶ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወጣል። ሀገራችን ከጥላው መንገድ ውጭ ናት። ያን ቀን ጅማ ላይ የሚውል ሰው የሚያገኘው ከፊል ግርዶሽ ነው፤ እሱንም ሰማዩ ከፈቀደለት። በሐምሌ ማለቂያ የጅማን ሰማይ ማን ያምናል? በላይኛው ግብፅ ባለችው በሉክሶር ግን በዚያ ወቅት ደመና ብርቅ ነው። ፀሐይ ለ6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ሙሉ በሙሉ ትሸፈናለች። ይህ ማስታወሻ ከጅማ ተነስቶ በሰዓቱ እዚያ ለመገኘት የሚያስፈልገውን ቀን በቀን ያስቀምጣል። የታሰበው አራት ወይም አምስት ሰው ላለው ቡድን ነው፤ በዕለቱ ሥራ መከፋፈል ግድ ይላልና።

ጅዳ ወይም መካ ዘመድ ያለው የጅማ ሰው ብዙ ነው። ጥላው ሁለቱንም ከተሞች ይሸፍናል፤ ጅዳ ላይ 6 ደቂቃ ገደማ፣ መካ ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ ይቆያል። ማረፊያና የመግቢያ ፈቃድ ላለው ያም መንገድ ጥሩ ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን የሉክሶሩ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር። ብዙ ሰው ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የታየውን ግርዶሽ ያስታውሳል። እሱ ቀለበታዊ ነበር፤ ላሊበላ ላይ ጨረቃ መሃል ገብታ የፀሐይ ዳር እንደ ቀለበት በርቷል። በቀለበታዊ ግርዶሽ መነጽር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይወልቅም፤ ያኔም በየቦታው የተነገረው ይኸው ነው፣ ልክም ነበር። በሙሉ ግርዶሽ ግን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትጠፋ መነጽሩ መውለቅ አለበት። ኮሮና የሚባለው ነጭ የፀሐይ አክሊል ከፀሐይ ፊት በሚሊዮን እጥፍ የደበዘዘ ስለሆነ በግርዶሽ መነጽር ውስጥ ጨርሶ አይታይም። የ2012ቱን ትምህርት ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ስድስቱን ደቂቃ ጥቁር ፕላስቲክ እያየ ያሳልፋል። ይህን የቡድኑ አባል ሁሉ ከጅማ ሳይወጣ ይወቅ።

«99 ከመቶ ከተሸፈነ ምን ቀረው?» የሚል ሰውም አይጠፋም። የቀረችው አንድ ከመቶ ከኮሮናው ሁሉ አሥር ሺህ እጥፍ ትበራለች። ሰማዩ አይጨልምም፣ ኮከብ አይወጣም፣ ኮሮናው አይታይም። ስለዚህ ጥላው ውስጥ መግባት ነው እንጂ አጠገቡ መድረስ አይበቃም።

ጥርና የካቲት፣ ጅማ

ልምምዱ ከክረምት በፊት ያልቃል፤ ከሰኔ በኋላ ጅማ ላይ ፀሐይ ለልምምድ አትገኝም። ጥሩው ቦታ ጅሬን ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ አድማሱ ክፍት ነው፣ ለመሣሪያም የሚሆን ሜዳ አለው።

መነጽሩ አይኤስኦ 12312-2 የሚል የደረጃ ጽሑፍ ይኑረው፤ ጽሑፉ ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም፣ ማንም ሊያትመው ይችላል። መነጽሩን አድርጎ የቤት አምፖል ማየት ነው። አምፖሉ ጥርት ብሎ ከታየ ይጣላል። ከፀሐይ በቀር ምንም፣ ወይም በጣም ደማቅ መብራት እንደ ደካማ ነጥብ ብቻ መታየት አለበት። የተጫረ፣ የተበሳ ወይም ከካርቶኑ የለቀቀ መነጽር አይጠገንም፣ ይጣላል። ለአንድ ሰው ሁለት ይያዝ።

የራጅ ፊልም፣ ጥላሸት የተቀባ ጠርሙስ፣ ሲዲ፣ ተራ የፀሐይ መነጽር፣ በሳፋ ውሃ ውስጥ ማየት፣ አንዱም አይሆንም። ብርሃኑን ስላደበዘዙት ዓይን ይደፍራል፣ የማይታየው ጨረር ግን ያልፋል። የዓይን ውስጠኛው መጋረጃ የሕመም ስሜት ስለሌለው ሲቃጠል አይታወቅም፤ ሰውየው የሚያውቀው ከሰዓታት በኋላ መሃል እይታው ላይ ጥቁር ነጥብ ሲቀመጥ ነው። የብየዳ መስታወት ቁጥር 14 ከሆነ ይሠራል፤ ብየዳ ቤቶች የሚጠቀሙበት 10 እና 11 ግን በቂ አይደለም።

ባይኖክላር ወይም ረጅም ሌንስ ያለው ሰው ፊልተሩን ከፊት፣ ፀሐይ በምትገባበት በኩል ያስራል። ዓይን ከሚደገፍበት በኩል ከተደረገ የተሰበሰበው ሙቀት ፊልተሩን ይሰነጥቀዋል። የግርዶሽ መነጽር አድርጎ ፊልተር በሌለው ባይኖክላር ማየትም እንደዚያው ነው፤ መነጽሩን በቅጽበት ያቃጥለዋል።

የቢጫ ወባ ክትባት በዚህ ጊዜ ይወሰድ። ግብፅ ከእኛ ሀገር ከሚገባ ሰው ካርዱን ትጠይቃለች፤ ካርዱም የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ቪዛ፣ የአየር ቲኬትና የሉክሶር ማረፊያ በዚሁ ወራት ይጀመሩ። ለዚህ ግርዶሽ ከዓለም ዙሪያ ሰው ስለሚጎርፍ የማረፊያ ነገር ለመጨረሻ ሰዓት አይተውም።

ረቡዕ ሐምሌ 21፣ ከጅማ አዲስ አበባ

350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአሰንዳቦና በሰኮሩ አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከዚያ ወልቂጤ፣ ወሊሶ፣ ሰበታ። ከመናኸሪያ ንጋት 12 ሰዓት የወጣ አውቶብስ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ይገባል፣ መንገዱ ከቀና። በሐምሌ ግን ጊቤ ቁልቁለት ላይ ጉም፣ ከገደሉ የሚንሸራተት አፈርና ድንጋይም አለ፤ ግማሽ ቀን መቆም ያጋጥማል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ዓርብ ሆኖ ሳለ መንገዱ ረቡዕ ይጀመራል። ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ መብረርም ይቻላል፤ ከአንድ ሰዓት አይሞላም። ይሁንና እሱም በጉም ምክንያት ሊዘገይ ስለሚችል የሐሙሷን ቀን አለመንካት ነው።

ለቤተሰብ አንድ ነገር ትተው ይሂዱ። ሰኞ ቀትር አልፎ ጅማ ላይ ደመናው ከተገለጠ ልጆች ያለ መነጽር ቀና እንዳይሉ፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ወንፊት ከመሬት ከፍ አድርገው እንዲይዙ አሳዩአቸው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ የተገመሰች ፀሐይ መሬት ላይ ትወድቃለች። ቡና ተክል ሥር ከጥላ ዛፉ ቅጠል መሃል የሚወርደው ብርሃንም እንዲሁ ይሆናል፤ በመቶ የሚቆጠር ማጭድ መሬቱን ይሞላዋል። በካርቶን ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቢበሳና ነጭ ወረቀት በ1 ሜትር ርቀት ቢቀመጥ ምስሉ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ርቀቱ ሁለት ሜትር ሲሆን ምስሉ እጥፍ ይሆናል፣ ግን ይደበዝዛል።

ሐሙስ ሐምሌ 22፣ አዲስ አበባ

የባንክና የዕረፍት ቀን። ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይዞ ምንዛሪ መጨረስ ነው፤ ግብፅ ዓርብና ቅዳሜ መሥሪያ ቤትና ባንክ ስለሚዘጋ እዚያ ደርሶ እንፈጽማለን ማለት አያዋጣም። ከፋርማሲ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በሰው አሥር ፓኬት ይገዛ። ይህ ትርፍ አይደለም፤ ምክንያቱ እሁድ ላይ ይታያል።

ዓርብ ሐምሌ 23፣ ካይሮ

በረራው 4 ሰዓት ገደማ ነው። ፊልተር፣ መነጽርና ሌንስ በእጅ ሻንጣ፤ ፓወር ባንክም ሕጉ በእጅ ብቻ ነው የሚፈቅደው። የትራይፖድ እግር ግን ወደ ጭነት ይሂድ።

ስለ ሰዓት አንድ ማስጠንቀቂያ። ግብፅ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ስለምታደርግ ያን ሰሞን ሰዓታችን እኩል ነው። ልዩነቱ አቆጣጠሩ ላይ ነው። እኛ ቀን 7 ሰዓት የምንለውን እነሱ 1 ሰዓት ይሉታል። ከሹፌር ጋር «ጠዋት ሦስት ሰዓት» ብሎ መቃጠር ጭንቅ ያመጣል። ከዛሬ ጀምሮ ከውጭ ሰው ጋር የሚደረግ ቀጠሮ ሁሉ በወረቀት ላይ በእነሱ አቆጣጠር ተጽፎ ይታይ።

ቅዳሜ ሐምሌ 24፣ ከካይሮ ሉክሶር

650 ኪሎ ሜትር ገደማ። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ባቡሩ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ብዙ ጊዜም ይዘገያል። ባቡር ለመረጠ ሰው ዓባይን ተከትሎ መውረዱ፣ ልክ ለመናገር ወደ ምንጩ መውጣቱ፣ ደስ የሚል ነው። የትኬቱን መነሻ ጣቢያ ግን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ካይሮ ላይ ከአንድ በላይ ጣቢያ አለ።

እሁድ ሐምሌ 25፣ ሉክሶር፣ የሙከራ ቀን

የጉዞው ትልቁ ሥራ ዛሬ ነው፣ ነገ አይደለም።

መጀመሪያ ሙቀቱ። ጅማ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ በሐምሌ ቀኑ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሉክሶር ከባሕር ወለል 80 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ በዚህ ወር ቀትር ላይ 41 ዲግሪ አካባቢ ትደርሳለች። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብ ቆዳ ላይ ሳይታይ ይተናል፤ ሰው አልጠማኝም እያለ ይደክማል። በቀን 4 እስከ 5 ሊትር ውሃ፣ ከዚያ ውስጥ አንዱ ሊትር ንጥረ ነገሩ የተበጠበጠበት ይሁን። ሽንት ከጠቆረ ወይም ራስ ምታት ከጀመረ ወደ ጥላ፣ ወዲያው።

ቀጥሎ ቦታ። ግርዶሹ ከሁሉ የሚረዝምበት ነጥብ ከሉክሶር ደቡብ ምሥራቅ በረሃው ውስጥ ነው፤ እዚያ 6 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ይሆናል። ለሦስት ሰከንድ ብሎ በረሃ መግባት ከንቱ ድካም ነው፤ ከተማው ውስጥ ወይም ዳሩ ላይ መቅረት ይሻላል። ከዓባይ ምዕራብ፣ ገደሉ ሥር መቀመጥ አይመከርም። ጥላው የሚመጣው ከምዕራብ ሰሜን ምዕራብ ስለሆነ ተራራው መምጣቱን ይሸፍነዋል። ፈሉካ ጀልባ ላይ ሆኖ ማየት ያምራል ይባላል፤ ትራይፖድ ግን ይወዛወዛል፣ የጥላ ሞገድ ለማየት ነጠላ የሚነጠፍበትም ሜዳ የለም። ከፍ ያለ ሰፊ ጣሪያ ወይም ከገደሉ የራቀ የእርሻ ዳር ምርጥ ነው። ባለቤቱን ዛሬውኑ አነጋግሮ መስማማት ነው።

ከዚያ ልክ ቀን 7 ሰዓት ላይ ዕቃው ሁሉ እንደ ነገው ይዘረጋ። ዛሬና ነገ በዚያ ሰዓት የፀሐይ ቦታ ከአንድ ዲግሪ በታች ነው የሚለያየው። ከአድማስ 82 ዲግሪ ትሆናለች፤ አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል። ብዙ መሣሪያ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። የትራይፖዱ ራስ እስከዚያ አይጎነበስም፣ ወይም የካሜራው ጀርባ ከእግሩ ጋር ይጋጫል፣ ወይም ስክሪኑን ለማየት መሬት ላይ መተኛት ያስፈልጋል። መሃል ምሰሶውን ከፍ ማድረግና አንዱን እግር ወደ ደቡብ ማስረዘም ይረዳል። ባልተስተካከለ ትራይፖድ ነገ ከመታገል ዛሬ ካሜራውን ትቶ በዓይን ለማየት መወሰን ይበልጣል።

ለሰዎቹም እንዲሁ፤ ቆሞ አናት ማየት አንገት ይሰብራል። ሰሌን ተነጥፎ በላዩ ስስ ፍራሽ ይደረግ። የጣሪያ ሲሚንቶ ጀርባ ያቃጥላል።

ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትሸፈን ያለ ፊልተር ፎቶ የሚያነሳ ሰው ቁጥሮቹን ዛሬ በወረቀት ይጻፍ። በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ 8፦ ለፀሐይ ዳር ሮዝ ነበልባል 1/800 ሰከንድ፣ ለውስጠኛው ኮሮና 1/200፣ ለመካከለኛው 1/12፣ ለውጭው ግማሽ ሰከንድ ገደማ። ሁሉንም በአንድ ፎቶ የሚይዝ ቁጥር የለም፤ ለዚህ ነው የዓይንን ያህል የሚያሳይ ፎቶ የሌለው።

ሰኞ ሐምሌ 26፣ ዕለቱ

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቦታው ላይ መገኘት ነው። ነጭ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ። ስልኮች ነጭ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልለው ጥላ ሥር ይቀመጡ፤ በዚህ ሙቀት ፀሐይ ላይ የዋለ ስልክ ራሱን ያጠፋል፣ የሚያጠፋውም በሚፈለግበት ሰዓት ነው።

ረፋድ 5 ሰዓት ከ40 ገደማ በመነጽር ሲታይ የፀሐይ ምዕራባዊ ዳር ትንሽ ይጎድላል፣ አይጥ እንደ ቆረጠፈችው እንጀራ። ከዚህ በኋላ አንድ ሰዓት ከሃያ ያህል ዝግ ያለ ነው። በየአምስት ደቂቃው አንዴ ማየት ይበቃል፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ ውሃ መጠጣት ይሻላል።

6 ሰዓት ተኩል አልፎ ነገሩ ይለወጣል። ብርሃኑ እንደ ምሽት አይቀላም፤ ነጭ እንደሆነ ይከሳል፣ ብረት ይመስላል። የሰው ጥላ ጠርዙ ስል ይሆናል፤ በክንድ ላይ ያለ ጠጉር አንድ በአንድ መሬት ላይ ይቆጠራል። ምክንያቱ ፀሐይ ክብ መሆኗ ቀርቶ ቀጭን መስመር መሆኗ ነው። ሙቀቱ ይበርዳል። ርግቦች ወደ ማደሪያቸው ይዞራሉ።

የዙሁር አዛን የሚሰማው በዚህ ሰዓት ነው፤ ሉክሶር ላይ ፀሐይ አናት የምታልፈው 7 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነውና። ከቡድኑ ሶላተል ኩሱፍ (የግርዶሽ ሶላት) የሚሰግዱ ካሉ ቦታውንና ሰዓቱን እሁድ ማታ ይነጋገሩ። ዙሁር ሰፊ ጊዜ ስላለው ሙሉው ካለፈ በኋላ በእርጋታ ይሰገዳል።

ሙሉው ሊገባ አሥር ደቂቃ ሲቀረው አንድ ስልክ አድማስንና ሰዎቹን እንዲቀርጽ በሰፊው ተደርጎ ይከፈትና ይተው። ከዚያ ማንም አይንካው። የስልክና የካሜራ ፍላሽ ይጥፋ፤ አንድ ፍላሽ የሁሉንም ዓይን ጨለማ ያበላሻል። ነጭ ነጠላ መሬት ላይ ተወጥሮ ይነጠፍ። ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በነጠላው ላይ ቀጫጭን ጥላዎች እንደ ውሃ ሞገድ መሮጥ ሊጀምሩ ይችላሉ። የምድር አየር የቀረችውን ቀጭን ብርሃን ሲያርገበግባት የሚፈጠሩ ናቸው፤ ሁልጊዜ አይታዩም፣ በሻካራ መሬት ላይማ ጨርሶ አይለዩም።

አንድ ሰው ወደ ምዕራብ ይመልከት። በዚያ በኩል ሰማዩ የዝናብ ቀን እንደሚመስል ይጠቁራል፣ ግን ደመና የለም። ያ ጥላው ነው።

7 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ገደማ። በመነጽር ውስጥ ያለችው ክር ትቆራረጥና ዶቃ ትሆናለች፤ በጨረቃ ዳር ባሉ ሸለቆዎች የሚያልፍ ብርሃን ነው። ዶቃዎቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። የመጨረሻዋ በምሥራቁ ጠርዝ ላይ ብቻዋን ታበራለች፣ ትጠፋለች። በመነጽር ምንም የማይታይ ሲሆን፣ ያኔ መነጽሩ ይወልቅ።

ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ነው እንጂ ድፍን ጥቁር አይደለም። መሃሉ ላይ ከምንም የጠቆረ ክብ ተሰቅሏል፣ ዙሪያውን ነጭ ብርሃን እንደ ጥሩ ሐር ክር ተበትኗል፤ ክሮቹ የፀሐይን መግነጢስ ተከትለው ይዘረጋሉ። በጨረቃ ጠርዝ ደማቅ ሮዝ ነጥቦች አሉ፣ የፀሐይ ነበልባል ናቸው። ነሐሴ 13 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕንድ ላይ በታየው ሙሉ ግርዶሽ እነዚሁ ነበልባሎች በብርሃን መተንተኛ ሲመረመሩ አንድ የማይታወቅ ቢጫ መስመር ታየ፤ ኋላ ሂሊየም የተባለው ንጥረ ነገር ነበር፣ በምድር ላይ ከመገኘቱ በፊት በፀሐይ ተገኘ። ቬነስ ያን ቀን ከፀሐይ በጣም ቅርብ ናትና በኮሮናው አቅራቢያ ፈልጓት። ዙሪያውን አድማሱ ሁሉ ጎሕ የቀደደ ይመስላል፣ በአራቱም ማዕዘን።

ይህ ሁሉ የሆነው ፀሐይ በስፋት ከጨረቃ 400 እጥፍ ገደማ ሆና በርቀትም 400 እጥፍ ገደማ ስለራቀች ነው። የዚህኛው ርዝመት ደግሞ የሁለት ነገር መገጣጠም ነው። ጨረቃ ለምድር ቀረብ ብላ ገዘፍ ብላለች፤ ምድርም በሐምሌ ከፀሐይ የምትርቅበት ወቅት ላይ ስለሆነች ፀሐይ ትንሽ አነስ ትላለች።

ስድስት ደቂቃ ረጅም ይመስላል። የመጀመሪያዋን ደቂቃ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በባዶ ዓይን፣ ጋደም ብሎ ማሳለፍ ነው። በሁለተኛው ባይኖክላር፣ ያለ ፊልተር። ከዚያ ቀና ብሎ አድማሱን መዞር፣ ካሜራ ያለውም በዚህ መሃል ያንሳ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃ ወደ ዓይን መመለስ። አንድ ሰው ሰዓት ጠባቂ ይሁን፤ ስድስተኛው ደቂቃ ሲሞላ «መነጽር!» ብሎ ይጩህ። ባይኖክላር የያዘ ሁሉ በዚያች ድምፅ ያውርድ፣ ልክ ያን ሰዓት፣ «ትንሽ ልጨምር» ሳይል። ምዕራባዊው ጠርዝ ሮዝ መሆን ሲጀምር ምልክቱ እሱ ነው፤ ብርሃኑ የሚመለሰው በገባበት ሳይሆን በተቃራኒው በኩል ነው። አንዲት ነጥብ ትፈነዳለች፣ ቀን ይሆናል።

አብዛኛው ሰው ያኔ ዕቃ ማንሳት ይጀምራል። ለሰዓት ጠባቂውና ለነጠላው ሰው ግን አሁንም ሥራ አለ፤ የጥላ ሞገዱ በመጀመሪያ ካልታየ አሁን ሊታይ ይችላል፣ ለአንድ ለሁለት ደቂቃ። ጨረቃ ጨርሳ የምትለቀው 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መንገዱ እስኪቀል እዚያው ጥላ ሥር ቆይቶ ቡና ማፍላት ይሻላል፤ ከጅማ የመጣ ሰው ቡናውን ይዞ ነው የሚሄደው።

ማታ፣ ከመተኛት በፊት፣ እያንዳንዱ ሰው ያየውን ለብቻው ይጻፍ፣ ሳይነጋገር። የኮሮናው ክሮች ወደ የት እንደረዘሙ፣ ሮዙ በየትኛው ጠርዝ እንደነበር፣ ሙቀት መለኪያው ስንት እንደወረደ። በማግስቱ ሲነጋገሩ የአንዱ የሌላውን ይውጠዋል።

ከማክሰኞ እስከ ዓርብ፣ ሐምሌ 27 – 30

ማክሰኞ ከሉክሶር የሚወጣ ሁሉ በአንድ ቀን ነው የሚወጣው፤ ባቡሩም አውሮፕላኑም አስቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም። ረቡዕ ካይሮ፣ ሐሙስ አዲስ አበባ፣ ዓርብ ጊቤን ተሻግሮ ጅማ። ፍልሰታ ሳይገባ ቤት ይደረሳል። ያልተጫረው መነጽር በደረቅ ፖስታ ታሽጎ፣ ላዩ ላይ ዓመቱ ተጽፎበት፣ ከጢስና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ።